ቴስታታ ቀይሮ 40 ፈረስ? ስለ ዳትሰን 280ዜድ ለተጻፈው ምላሽ

ባለፈው ሐሙስ ማታ አንድ ጓደኛዬ የመኪና ሞተርን ጉልበት ስለመጨመር የሚመክር ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አንብበውና ንገረኝ፣ ቅዳሜ ሞተሩን ልፈታው ነው» ብሏል። አንብቤ እንደጨረስኩ ደወልኩለትና «በፈጠረህ ቁልፉን አስቀምጥ» አልኩት። የሚከተለውን የምጽፈው ያን ዕለት በስልክ አንድ ሰዓት ያወራነውን ለሌላውም ለማድረስ ነው።

ጓደኛዬ ዳትሰን 280ዜድ የሚባል የ1976 የጃፓን የስፖርት መኪና አለው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እኔም አለኝ። የምንኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የፈለገን ሰው ጋራዥ ውስጥ እግራችንን ብቻ ነው የሚያገኘው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። 280ዜድ ከፋብሪካ የወጣው በ8.3 ለ1 ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ስንት እጥፍ አጥብቦ እንደሚጨምቀው የሚናገር ቁጥር ነው) ስለሆነ ታፍኖ የተሠራ መኪና ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከ1981 እስከ 1983 ከተሠራው 280ዜድኤክስ ላይ ኤፍ54 የሚል ቁጥር ያለው ብሎክ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል) ፈልጉ። የራሳችሁን ኤን42 ቴስታታ (ከብሎኩ በላይ የሚታሰረው፣ ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ክዳን) ጫኑበት። ወይም የቀድሞውን ሞዴል፣ የ240ዜዱን ኢ31 ቴስታታ በራሳችሁ ብሎክ ላይ ጫኑት። ኮምፕሬሽኑ ከ10 ያልፋል፣ 40 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል። ከበዛባችሁ ወፍራም ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የምትገባው ማሸጊያ) አድርጉ። ድብልቁ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ሞተሩ ካንኳኳ ትሰሙታላችሁ፣ ታይሚንጉን (ካንዴላዋ እሳት የምትሰጥበትን ቅጽበት) ትመልሳላችሁ። ቤንዚኑ ደከም ካለ አንድ ጣሳ የኦክቴን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት መለኪያ) መጨመሪያ ትጨምራላችሁ። ፒ79 እና ፒ90 የሚባሉት ቴስታታዎች ቆሻሻ ናቸው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከፍታው ስለሚጠብቃችሁ አትፍሩ፣ 11ም ይቻላል። ሥራው የአንድ ቅዳሜ ነው፣ የወረደውን ዕቃ ለቆራሌው ሽጡት።

ጸሐፊው ሰው ለማሳሳት የጻፉት አይመስለኝም። መነሻቸው ትክክል ነው። ይህ ቅያሪ በዜድ ሰዎች ዘንድ የቆየና የተሞከረ ነው። የማልስማማው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ ኮምፕሬሽኑን እንደለኩት መቁጠሩ ላይ ነው። እኔ በዚያ መንገድ ሄጄበታለሁ። አንድ ፒስተን ከፍያለሁ።

«ኤፍ54 ካገኛችሁ ፒስተኑ ጠፍጣፋ ነው»

አይደለም፤ ማለቴ ሁልጊዜ አይደለም። በኤፍ54 ብሎክ ሁለት ዓይነት ሞተር ተሠርቷል። አንደኛው ተራው 280ዜድኤክስ ነው። እሱ ጠፍጣፋ ፒስተን አለው፣ ኮምፕሬሽኑም 8.8 ነው። ሁለተኛው ቱርቦው ነው። የቱርቦው ፒስተን መሐሉ የጎደጎደ ነው፣ ኮምፕሬሽኑም 7.4 ነው። ከውጭ ብሎኩ ላይ የሚነበበው ቁጥር ግን አንድ ነው።

አንድ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው «ጠፍጣፋ ነው፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ» ብሎ የቱርቦ ብሎክ ሊሸጥልኝ ነበር። ምናልባት ከልቡ ነው። ካንዴላዋን አስፈትቼ ስልክ ላይ የምትሰካውን ቀጭን ካሜራ በቀዳዳው አስገባሁ። ጠፍጣፋ ፒስተን እንደ ምጣድ ነው፣ መብራቱ እኩል ይተኛበታል። ይሄኛው ግን ጎድጓዳ ሳህን ነበር፣ ዙሪያው በርቶ መሐሉ ጨለማ። አመስግኜው ወጣሁ። ካሜራዋ ርካሽ ናት፣ ብሎኩ ግን ርካሽ አይደለም።

«ኤን42 ሲጫንበት 10.2 ይሆናል»

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከባድ አይደለም፣ ማባዛትና ማካፈል ነው።

የኤል28 ሞተር፣ የ280ዜዱ ማለት ነው፣ የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 79 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ፒስተን ከታች እስከ ላይ ሲሄድ 459 ሲሲ ይጠርጋል። ይህንን አየር ፒስተኑ ላይ ሲደርስ በቀረችው ትንሽ ቦታ ውስጥ ነው የሚጨምቀው። ያቺ ትንሽ ቦታ ስንት ናት? ጨዋታው ሁሉ እሷ ላይ ነው።

በመጀመሪያው 280ዜድ ላይ የኤን42 ቴስታታ ጉድጓድ 44.6 ሲሲ ነው። የፒስተኑ ጎድጓዳ ወደ 10.9 ይይዛል። ከተጨመቀ በኋላ የጓርኒሲዮኑ ውፍረት 7.5 ይጨምራል። ድምሩ 63። 459ን ለ63 አካፍላችሁ 1 ስትጨምሩ 8.3 ይመጣል። ፋብሪካው ያለውም ይህንኑ ነው።

አሁን ጠፍጣፋውን ፒስተን እናስገባ። 10.9ኙ ይጠፋል። በዚያ ላይ ጠፍጣፋው ፒስተን ከብሎኩ ፊት ጥቂት ብቅ ስለሚል ወደ 2.3 ሲሲ ይበላል። 44.6 ሲደመር 7.5 ሲቀነስ 2.3፣ 49.8 ነው። ሲካፈል 10.2። ስለዚህ ጸሐፊው ቁጥሩን ከየትም አላመጡትም፤ በወረቀት ላይ ልክ ነው።

ነገር ግን እነዚህ መኪኖች ወደ 50 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው። በመሐል ስንት መካኒክ ነካቸው? ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ቴስታታው ተጣሞ ቢሆን ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተልጧል ማለት ነው። አንዴ ይሁን ሦስቴ ማንም አልጻፈበትም። ፊቱ በተላጠ ቁጥር ጉድጓዱ ያንሳል።

የእኔ ቴስታታ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 108 ሚሊ ሜትር ውፍረት የነበረው ነው። ስለካው 107.3 ሆነ። እኔ ግን የለካሁት ከጫንኩት በኋላ፣ ሞተሩ ከተበላሸ በኋላ፣ በቁጭት ነው። ከፊት መለካት ነበረብኝ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቴስታታውን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተካክላችሁ ታስቀምጣላችሁ። ቫልቮቹ ይዘጉ፣ ካንዴላዋ ትግባ። መስታወት የመሰለ ወፍራም ፕላስቲክ ላይ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ትበሳላችሁ። የጉድጓዱን ዙሪያ ቫዝሊን ቀብታችሁ ፕላስቲኩን ትለጥፉበታላችሁ። ከዚያ በትልቅ የሕክምና ስሪንጅ ቀለም የገባበት አልኮል በቀዳዳው ቀስ እያላችሁ ትሞላላችሁ። እኔ የባለቤቴን የኬክ ቀለም ነው የተጠቀምኩት፣ ቀዩን። አረፋዋ ወደ ቀዳዳዋ እየሄደች ታንሳለች። የመጨረሻዋ አረፋ ስትጠፋ ስሪንጁ ላይ የወጣውን ታነባላችሁ። ስድስቱንም፣ አንዱንም ሳትዘሉ።

የእኔ በአማካይ 42.2 ወጣ። በ49.8 ፋንታ 47.4 ማለት ነው። አካፍሉት፣ 10.7። እኔ በ10.2 ስነዳ የነበረ መስሎኝ በ10.7 ነው የነዳሁት። ግማሽ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። ወደ በረሃው ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

«40 የፈረስ ጉልበት»

ከየት? ኮምፕሬሽን ከፍ ሲል ሞተሩ ከዚያው ከአንዱ ቤንዚን ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ያወጣል። ይህ ጭማሪ የሚታወቅና የሚሰላ ነው። በዚህ ሰፈር አንድ ሙሉ ነጥብ ሦስት ከመቶ ገደማ ይሰጣል። ከ8.3 ወደ 10.2 ብትሄዱ 6 ከመቶ አካባቢ ነው። የ1975 እና የ1976 280ዜድ በፋብሪካው ቁጥር 149 የፈረስ ጉልበት ነበረው። 6 ከመቶው 9 ፈረስ ነው። ዘጠኝ!

ዘጠኝ ፈረስ አይናቅም። እግራችሁን ስትጭኑ ሞተሩ የበለጠ ነቃ ይላል፣ በዝቅተኛ ዙርም ደስ ይላል። እኔም የምወደው ለዚህ ነው። 40 ያገኘ ሰው ካለ ግን ከቴስታታው ጋር ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ)፣ ካርቡሬተሩን፣ የጭስ ማውጫውን አብሮ ቀይሯል። ወይም የድሮው ሞተር ከመጀመሪያውም የደከመ ነበር፣ አዲስ የፒስተን ቀለበትና የተፈተገ ቫልቭ ሲያገኝ ነፍስ ዘራ። የአዲሱን ቀለበት ምስጋና ኮምፕሬሽኑ ወሰደው።

በነገራችን ላይ እኛ ያለንበት ከፍታ ብቻውን፣ ወደ 1,600 ሜትር፣ ከ149ኙ ከ25 ፈረስ በላይ ይወስዳል። ማንም ስለዚህ አይጽፍም።

«ከበዛ ወፍራም ጓርኒሲዮን አድርጉ፤ ፒ79 እና ፒ90 ቆሻሻ ናቸው»

እነዚህን ሁለት ነጥቦች አንድ ላይ የማነሳቸው ስህተታቸው አንድ ስለሆነ ነው። ጸሐፊው ኮምፕሬሽንን አንድ ቁጥር ብቻ አድርገው ነው የሚያዩት። የጉድጓዱ ቅርጽ የለም።

ኤን42ን ገልብጣችሁ እዩት። ጉድጓዱ የሲሊንደሩን ስፋት ከሞላ ጎደል ይሸፍናል። ክፍት ነው። ፒ79ን ወይም ፒ90ን አጠገቡ አስቀምጡ። ጉድጓዱ የልብ ቅርጽ አለው። ከጎኑ ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት ተትቷል። ጠፍጣፋው ፒስተን ላይ ሲደርስ ያንን ብረት ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። በመሐላቸው የነበረው ድብልቅ ተጨምቆ ወደ ካንዴላዋ ይተፋል። ይህንን ስኩዊሽ ይሉታል። ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ድብልቁን ስለሚያምሰው እሳቱ ቶሎ ይዳረሳል። ሁለተኛ፣ ከካንዴላዋ ርቆ በጠርዙ ላይ ለብቻው ሊፈነዳ የሚችል ብዙ ጋዝ አይተርፍም። ሞተር የሚያንኳኳው ደግሞ ያ በጠርዙ የቀረ ጋዝ ተራውን ሳይጠብቅ ሲፈነዳ ነው።

ስለዚህ 10 በኤን42 እና 10 በፒ90 አንድ አይደሉም። ቁጥራቸው ይመሳሰላል፣ ጠባያቸው ግን አይገናኝም።

እርግጥ ነው ፒ79 እንዳለ ሲገጠም ጉድጓዱ 53.6 ሲሲ ስለሆነ 8.8 ብቻ ይሰጣል። ጸሐፊው «ቆሻሻ» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ፊቱ ግን ይላጣል። እኔ አሁን የምነዳው ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር የተላጠ ፒ90 ነው። ጉድጓዱን ለካሁት፣ በዚህኛው ጊዜ ከመጫኔ በፊት፣ 47.5። ሒሳቡ 9.7 ይላል። በፒስተኑና በቴስታታው ጠፍጣፋ ብረት መካከል ያለው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ቀትር፣ ሽቅብ፣ በ91 ኦክቴን ቤንዚን አንዲት ድምፅ አልሰማሁም።

በዚህ ላይ ወፍራም ጓርኒሲዮን ብጨምርበትስ? የ2 ሚሊ ሜትሩን ብገጥም ክፍተቱ ከ0.8 ወደ 1.6 ይሄዳል። ስኩዊሹ ሞተ። ኮምፕሬሽኑን ዝቅ አድርጌ ማንኳኳትን የሚከላከለውንም አብሬ አወጣሁት ማለት ነው። በኤን42 ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚጠፋ ስኩዊሽ የለም፤ ቁጥሩ ይወርዳል፣ የከፈላችሁበትን ኮምፕሬሽን መልሳችሁ ትጥላላችሁ፣ በቃ።

መላጥ ነጻ ነው አላልኩም። ዋጋ አለው፣ ጸሐፊውም ይህንን ቢያነሱ ኖሮ ጥሩ ነበር። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ ነው የተቀመጠው። ቴስታታው ሲላጥ ካምሻፍቱ ወደ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ይጠጋል፣ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ቫልቮቹ ዘግይተው ይከፈታሉ። ጥቂት ብቻ ከተላጠ በካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ካሉት ሦስት ቀዳዳዎች ወደሚቀጥለው በመሄድ ይስተካከላል። 1.5 ሚሊ ሜትር ግን በዚያ አይሸፈንም። የካምሻፍቱን መቀመጫዎች ከሥር በዚያው ልክ ማንሳት ያስፈልጋል። ያንን ስታደርጉ ደግሞ በቫልቩ ጫፍ ላይ የምትቀመጠዋ ትንሽ ቆብ በወፍራም መቀየር አለባት። መቀመጫዎቹ ቴስታታው ላይ ታስረው አብረው የተበሱ ስለሆኑ ፋብሪካው ራሱ «አትፍቷቸው» ይላል። ስትመልሷቸው ካምሻፍቱ በሁለት ጣት መዞር አለበት። ካልዞረ አቁሙ። ይህ የአንድ ቅዳሜ ሥራ አይደለም። እኔን አምስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፣ ሁለቱ ዕቃ በመጠበቅ።

«ካንኳኳ ትሰሙታላችሁ»

አሁን ወደ በረሃው።

ኤን42ቱን ከጫንኩ በኋላ አውሮራ ውስጥ አንድ በጋ ሙሉ ነዳሁት። ምንም የለም። ደስ አለኝ። ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ የዘመድ ሠርግ መጣ። የሚስቴ ወንድም አብሮኝ ሊሄድ ተነሳ፣ በዜዱ ወጣን። ተራራውን ተሻገርን፣ ላስ ቬጋስን አለፍን፣ ወደ ቤከር ወረድን። ያ ረጅሙ ቴርሞሜትር ያለበት ከተማ ነው። ቁጥሩን አይተን ተሳሳቅን። ቤንዚን ቀዳሁ፣ እዚያው እንደ ቤቴ 91።

ከቤከር ወደ ባርስቶው መንገዱ ሳያስታውቅ ቀስ እያለ ይወጣል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ንፋሱ ይጮኻል፣ ሙዚቃው ከፍ ብሏል። የሚስቴ ወንድም ተኝቷል። ድንገት ዓይኑን ሳይከፍት «ምንድን ነው ይሄ የሚንጫጫው?» አለኝ። ሙዚቃውን ዘጋሁት። በጣም ቀጭን ድምፅ ነው፣ ጣሳ ውስጥ ጥቂት ጠጠር ጨምሮ የሚያንቀሳቅስ ልጅ ያለ ይመስላል። «የጭስ ማውጫው ነው» አልኩት። እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እግሬን ሳነሳ ጠፋ፣ ስጭን መጣ። ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ ግን አላውቅም። ምናልባት ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ።

ባርስቶው አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ካንዴላዎቹን ፈታሁ። አምስተኛዋ ነጭ ሸክላዋ ላይ ነጠብጣብ ነበረባት። ጥቃቅን ናቸው፣ ግራጫ፣ የሚያብለጨልጩ፣ ጤፍ የተበተነባት ነው የምትመስለው። ያ አሉሚኒየም ነው። ከፒስተኑ የተነሳ ማለት ነው። ዲስትሪቢዩተሩን ፈትቼ ታይሚንጉን መለስኩ፣ እግሩን እንቁላል ላይ እንዳደረገ ሰው እየነዳሁ ሠርጉ ደረስኩ። ቤት ተመልሼ ስከፍተው አምስተኛው ፒስተን ላይ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ጠርዝ ተሰብሯል።

አውሮራ ላይ ለምን ዝም አለ? ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር እዚህ የአየሩ ግፊት 82 ከመቶ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ሲጨመቅም ግፊቱና ሙቀቱ ያንሳል። ቤከር ግን ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም። ያው ሞተር፣ ያው ቤንዚን፣ ያው ታይሚንግ፣ ግን ወፍራም አየር፣ በዚያ ላይ ሙቀቱ። 10.7ቱ እዚያ ነው ማንነቱን ያሳየው።

እና «ትሰሙታላችሁ» የሚለው? ከተማ ውስጥ በዝግታ እየነዳችሁ ከሆነ አዎ። በከፍተኛ ዙር፣ በክፍት መስኮት፣ በዚያ የዜድ የጭስ ማውጫ ጩኸት ውስጥ ግን ሞተሩ ሳያሰማችሁ ሊሞት ይችላል። ጆሮአችሁን ሳይሆን ካንዴላችሁን እመኑ። ታይሚንጉን መመለስም ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው። በጣም ከመለሳችሁት ያገኛችኋትን ዘጠኝ ፈረስ መልሳችሁ ትሰጣላችሁ፣ ከነወለዷ።

«የአሜሪካ ቤንዚን ደካማ ነው፣ አውሮፓውያን 98 ይቀዳሉ»

ይህ የመለኪያ ልዩነት ነው። አውሮፓ ማደያ ላይ የሚጻፈው አንዱ የኦክቴን መለኪያ ብቻ ነው፣ ከፍ ብሎ የሚወጣው። አሜሪካ የሚጻፈው የሁለት መለኪያዎች አማካይ ነው። የእኛ 91 በእነሱ አቆጣጠር 95 ወይም 96 ይሆናል። የእኛ 93 ወደ 98 ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ጀርመናዊ «በ98 ነው የምነዳው» ሲል ቅናት አያስፈልግም።

ጣሳውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ጣሳው ላይ «30 ነጥብ ይጨምራል» ተብሎ ከተጻፈ የእነሱ 10 ነጥብ አንድ ኦክቴን ነው። 91ዱ 94 ይሆናል፣ ቢሳካ። 121 አይሆንም። ጓደኛዬ ይህንን ስነግረው ለአፍታ ዝም አለ። አራት ጣሳ ገዝቶ አስቀምጦ ነበር።

«ኢ31 ከሁሉም ይበልጣል»

ኢ31 ቆንጆ ቴስታታ ነው፣ በ240ዜዱ ላይ። ጉድጓዱ 42.4 ሲሲ ነው። ጸሐፊው ግን «በራሳችሁ ብሎክ ላይ ብትጭኑት እንኳ ከ10 ያልፋል» ብለዋል። አያልፍም። የራሳችሁ ብሎክ ጎድጓዳው ፒስተን ነው ያለው። 42.4፣ 10.9፣ 7.5 ደምሩ፣ 60.8 ነው። ኮምፕሬሽኑ 8.5 ገደማ። ከ8.3 ወደ 8.5 ለመሄድ ይህ ሁሉ ድካም!

በተጨማሪም 280ዜድ ቤንዚኑን የሚረጨው በኢንጄክሽን ነው። ኢ31 የካርቡሬተር ዘመን ቴስታታ ስለሆነ ለመርጫዎቹ የተቆረጠ ቦታ የለውም። የመግቢያ ቫልቩም ከኤን42ቱ ጠበብ ይላል፣ 42 ሚሊ ሜትር በ44። የቫልቭ መቀመጫዎቹ ደግሞ እርሳስ ላለበት ቤንዚን የተሠሩ ናቸው። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1996 (በፈረንጅ) ጀምሮ ለመንገድ መኪና ከልክላለች። መቀመጫ ማስቀየር ሌላ ወጪ ነው።

ጸሐፊው የሳፋሪ ራሊን በማስረጃነት ማንሳታቸውን ወድጄዋለሁ። 240ዜድ በ1971 በኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 በሼካር ሜህታ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ አሸንፏል። የ1973ቱ ድንቅ ነበር። ሜህታ ከሌላ ዳትሰን ሹፌር ጋር በቅጣት ነጥብ እኩል ወጥቶ ነው ያሸነፈው። ግን እሱ የብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር አቧራና ጭቃ ውድድር ነው። እዚያ የሚያሸንፈው ሳይሰበር የደረሰ ነው።

«በጌጅ ለኩ፣ 180 ካነበበ 10 ነው»

የኮምፕሬሽን ጌጅ የሚለካው ግፊት ነው። የሞተሩ የኮምፕሬሽን ቁጥር ደግሞ የቦታ ንጽጽር ነው። ጌጁ ከፍታውን ያያል፣ ካምሻፍቱን ያያል፣ የባትሪውን ጉልበት ያያል፣ የጋዝ ፔዳሉን ረግጣችሁ ይሁን አይሁን ያያል። ስድስቱ ሲሊንደሮች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ከእሱ የተሻለ የለም። ለሌላው ስሪንጁ ይሻላል።

«አዲስ አበባ 11ም ይቻላል»

ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚያ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ያለ ማንኳኳት መሄዱ አያስገርምም። እኛ ጋ እንኳ በከፍታው ምክንያት ማደያዎች 85 ኦክቴን ይሸጣሉ፣ በአብዛኛው አሜሪካ ዝቅተኛው 87 ሲሆን።

ግን መኪና አዲስ አበባ ታስሮ አይቀመጥም። ለበዓል ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ 1,000 ሜትር አካባቢ፣ በሙቀት፣ አራት ሰው ጭኖ። ከዚያ አልፎ ወደ ሚሌ የሚሄድም አለ። የእኔን የቤከር ታሪክ በአማርኛ የመንገድ ስም መልሳችሁ አንብቡት። ዳትሰን ዜድ አዲስ አበባ ብዙ እንደሌለ አውቃለሁ። ቮልስ ግን አለ፣ ያው ምክር ወደ ቮልሱ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ኮምፕሬሽኑ የሚስተካከለው ከሲሊንደሩ ሥር በምትገባ ቀጭን የብረት ቀለበት ጭምር ነው። «ምን ትሠራለች» ብለው አውጥተው የሚጥሏት ሰዎች አሉ። መካኒካችሁ ሲፈታው ቁጠሯቸው።

«የወረደውን ለቆራሌው ሽጡት»

አትሽጡት። ዛሬ ፋብሪካው ቴስታታ አይሠራላችሁም። አዲሱ ቢሰነጠቅ፣ መኪናውን ብትሸጡትና ገዢው «የራሱ የት አለ?» ቢል ትፈልጉታላችሁ።

የእኔ ኤን42 ጋራዡ መደርደሪያ ላይ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በማርከር በትልቁ «42.2» ብዬ ጽፌበታለሁ። አጠገቡ አንድ ጠርዙ የተሰበረ ፒስተን አለ፣ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆኗል። ጓደኛዬ ቅዳሜ መጥቶ ስሪንጁን ወስዷል። የኬክ ቀለሙን ግን የራሱን ይግዛ ብያለሁ።